ከፈረስ ቋንቋ የተተረጎመ፦ «ብላክ ቢዩቲ»፣ ርኅራኄና አመዛዛኝ ድርሰት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 24 ቀን 1877 ጃሮልድና ልጆቹ የተባሉት የኖርዊች ከተማ አሳታሚዎች አንድ ልብ ወለድ አወጡ። ርእሱ «ብላክ ቢዩቲ» ይላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ጥቁሩ ውብ» እንደ ማለት ነው። ከርእሱ ሥር መጽሐፉ የአንድ ፈረስ የሕይወት ታሪክ መሆኑ ተገልጾ፣ አና ስዌል የተባለችው ሴት ከፈረሶች ቋንቋ እንደ ተረጎመችው ተጽፏል። ደራሲዋ «ጻፍኩት» አላለችም፤ «ተረጎምኩት» አለች እንጂ። ይህ ለሣቅ የተባለ ይመስላል፤ ሆኖም ከዚህ በታች የማነሣው ጉዳይ ሁሉ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ አለ። ተርጓሚ የሌላውን ቃል ያደርሳል፤ የራሱን ልቅሶ አይጨምርበትም።

ልጆች የሌላውን ስሜት መረዳትን እንዲማሩበት፣ አስተያየታቸውንም በጽሑፍ መግለጽን እንዲለማመዱበት ልብ ወለድን ወደ ክፍል ማስገባት ዛሬ በመምህራን ዘንድ እንደ አዲስ ዘዴ ሲነገር እሰማለሁ። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት የማያንስ ታሪክ አለው፤ የታሪኩም ትልቅ ክፍል የተፈጸመው በዚህ መጽሐፍ ዙሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። «ብላክ ቢዩቲ» መጀመሪያ ለአዋቂ ሠራተኞች የቀረበ ሙግት ነበር። ወደ ልጆች እጅ በገባ ጊዜ ርኅራኄው ተርፎ ሙግቱ ቀረ። የቀረው ሙግት ተመልሶ ካልመጣ በመጽሐፉ የሚሰጠው ትምህርት ግማሽ ነው እላለሁ። (የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አና ስዌል በ1820 በግሬት ያርመዝ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደች። በአሥራ አራት ዓመቷ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷን በመጎዳቷ ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ረጅም መንገድ በእግሯ መሄድም ሆነ ብዙ መቆም አልቻለችም። ስለዚህ ፈረስ ለእሷ የቅንጦት ነገር ሳይሆን እግሯ ነበር። አባቷን ወደ ባቡር ጣቢያ የምታደርሰውና የምትመልሰው ራሷ ጋሪ እየነዳች ነበር። እናቷ ሜሪ ራይት ስዌል ለሠራተኛው ሕዝብና ለልጆች በቀላል ቋንቋ ግጥምና ታሪክ የምትጽፍ፣ በዘመኗ እጅግ የተነበበች ደራሲ ናት። የእናቷን ጽሑፍ መጀመሪያ የምታነበውና የምትተቸው አና ነበረች፤ የአጻጻፏ ቁጥብነትም ከዚሁ የእርማት ሥራ የተገኘ ይመስለኛል። «ብላክ ቢዩቲ»ን ከ1871 እስከ 1877 ባለው ጊዜ ስትጽፍ አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው ታማ በመተኛት ነበር። ኃይል ባገኘች ቀን በቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትጽፋለች፤ እናቷ ትገለብጥላታለች። መጽሐፉን ለአሳታሚዎቹ በ40 ፓውንድ ሸጠች። በወጣ በአምስተኛው ወር፣ በኤፕሪል 1878 ዐረፈች። ይህ አንድ መጽሐፍ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው። እስከ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ይገመታል።

በማስታወሻዋ ላይ የመጽሐፉን ዓላማ ስትገልጽ ሦስት ነገሮችን ታነሣለች፤ ለፈረሶች ደግነት፣ ርኅራኄና በዕውቀት ላይ የተመሠረተ አያያዝ። እነዚህን ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን አንባቢ በሦስተኛው ላይ እንዲቆምልኝ እፈልጋለሁ። በአማርኛችን አንድ ነገር «አንጀቴን በላው» ስንል የራሳችንን ሆድ መባባት መናገራችን ነው፤ የተበላው የእኛ አንጀት ነው። ስለ ተጎጂው ያለን ዕውቀት በዚህ ቅንጣት አይጨምርም። «አያያዝ» ግን የእጅ ነገር ነው፤ ማን፣ ምን፣ በምን ሰዓት፣ በምን ልክ እንዳደረገ ይጠይቃል። ስዌል የጻፈችው ደግሞ በእጃቸው ልጓም ለሚይዙ ሰዎች፣ ማለትም ለባልደራሶች፣ ለሰረገላ ነጂዎችና ለጭነት ጋሪ ሠራተኞች ነበር እንጂ ለሕፃናት አልነበረም።

ስለ አተራረኩ ትንሽ ልበል። በእኛ ተረት አህያና ጅብ፣ ጦጣና ነብር ይናገራሉ፤ ሲናገሩ ግን ስለ ሰው ነው። ጅቡ የእንስሳ ቆዳ የለበሰ ስግብግብ ሰው ነው፤ አህያዋ የተበደለች ድኻ ናት። እንስሳቱን አውልቀን ብንጥላቸው ተረቱ ምንም አይጎድልበትም። የስዌል ፈረስ ግን ፈረስ ሆኖ ይናገራል። የሚነግረን ቀዝቃዛ ብረት በጥርስና በምላስ መካከል መጀመሪያ ሲገባ ምን እንደሚመስል፣ ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኩ ዳር እየጮኸ ሲያልፍ እንዴት እንደሚያስደነግጥ፣ በሰኮናው ብረት ሥር ያለ ጠጠር ምን እንደሚያደርግ ነው። ሰው ከኮርቻ ላይ ሆኖ የሚያየውን ዓለም ከልጓሙ ወዲህ ሆነን እናየዋለን።

ይህ ተራኪ ብዙ ነገር አያውቅም። ካፕቴን የተባለው አሮጌ የጦር ፈረስ በክሪሚያ ጦርነት ያየውን ዕልቂት ሲተርክለት ውጊያው ስለ ምን እንደ ነበር ይጠይቀዋል፤ ካፕቴንም አያውቀውም። አለማወቁ ለሥነ ጽሑፉ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ፈረሱ ቆሞ ሰዎች ሲከራከሩ ያዳምጣል፤ የሰማውን ያደርሳል፤ አይፈርድም። ከአርባ ዘጠኙ ምዕራፎች ውስጥ በጋጣ በር፣ በመንገድ ዳር ወይም በሰረገላ ተራ ላይ የሚካሄድ ክርክር የሌለባቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለ አልኮል መጠጥ፣ ስለ እሑድ ሥራ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ አደን ይሟገታሉ። መጽሐፉን በልጅነቱ ያነበበ ሰው ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው የጂንጀርን ሞት ነው።

ከእነዚህ ክርክሮች መካከል ለድርሰት መምህር የሚጠቅሙ ሦስት ቦታዎችን ላንሣ።

የመጀመሪያው የጆ ግሪን ታሪክ ነው። ጆ በጋጣው ሥራ አዲስ የገባ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። አንድ ሌሊት እመቤቲቱ በጽኑ ታማ ፈረሱ ሐኪም ለማምጣት ሲጋልብ አድሮ በላብ ተዘፍቆ ይመለሳል። ጆ ፈረሱን የሚወድ ልጅ ነው። በፍቅሩም ቀዝቃዛ ውኃ እስኪበቃው ያጠጣዋል፤ ሞቆታል ብሎም ልብስ ሳያለብሰው ይተወዋል። ፈረሱ በሳንባ በሽታ ለሞት ይደርሳል። የልጁ አባት ባልደራሱን ጆን ማንሊን «ባለማወቅ ነው» እያለ ይለምነዋል። ማንሊ የሚመልሰው መልስ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የከረረው ነው፤ ከክፋት ቀጥሎ በዓለም ላይ ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው አለማወቅ እንደ ሆነ ይነግረዋል። እዚህ ላይ ስዌል ያደረገችውን እንመልከት። ርኅራኄ ያለውን ልጅ መርጣ ጥፋተኛ አደረገችው። በጭካኔው ቢያጠፋ ኖሮ ትምህርቱ ተራ ይሆን ነበር።

ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ይኸው ጆ በመንገድ ላይ ጡብ የጫነ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ነጂው በመጠጥ ኃይል ሁለት ፈረሶችን ያለ ርኅራኄ ሲገርፍ ያያል። መጀመሪያ ይለምነዋል፤ ጡቡን አውርደን እናቅልለው ብሎ ሊያግዘው ይጠይቃል። ነጂው አልሰማ ሲለው ወደ ፋብሪካው ባለቤት ቤት ጋልቦ ይናገራል። በመጨረሻ ዳኛ ፊት ቀርቦ ያየውን ይመሰክራል። አለማወቅ፣ መጸጸት፣ ማወቅ፣ ምስክርነት። ልብ እንበል፤ ጆ በዳኛው ፊት ስለ ስሜቱ አልተናገረም። የተናገረው ስለ ጭነቱ ብዛት፣ ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ግርፋቱ ነው። አመዛዛኝ ድርሰት ማለት ይህ ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን «ተጠየቅ» ተባብለው የሚቆሙት ባላጋራዎችም ያለ ማስረጃና ያለ ምስክር በቃላት ማማር ብቻ ረትተው የሚሄዱ አልነበሩም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ምዕራፍ 39 እና 40 ነው። ፈረሱ አሁን ለንደን ውስጥ ጄሪ ባርከር የተባለ ደግ ሰው የኪራይ ሰረገላ ይጎትታል። አንድ ቀን ሳም የሚባል፣ ልብሱ ያለቀ ነጂ የደከመች ፈረስ እየነዳ ወደ ተራው ይመጣል። የተራው አለቃ ፈረሱን ያየ ፖሊስ ይዞህ ይሄዳል ብሎ ይዘልፈዋል። ሳም በምሬት ሒሳቡን ያወራርድለታል። ሰረገላውንና ፈረሶቹን የሚያከራየው ስኪነር የሚሉት ሰው ነው (ስሙ «ቆዳ ገፋፊ» ማለት ነው፤ ስዌል በስም አወጣጥ ረገድ ድብቅ አይደለችም)። ሳም በቀን 18 ሽልንግ ለስኪነር ካላስገባ ለራሱ አንዲት ሳንቲም የለችውም። ይህን ለማግኘት 14 ወይም 16 ሰዓት መሥራት አለበት። ሚስቱና ስድስት ልጆቹ ይጠብቁታል። የራሳቸው ሰረገላና ጥሩ ፈረስ ያላቸው ሰዎች ደግ ለመሆን ዕድል አላቸው፤ እኔ ግን የለኝም ይላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳም ይታመማል፤ ይሞታል። ስዌል በዚህ ሞት ላይ ምዕራፉን ዘግታ ገጹን ስንገልጥ «ምስኪን ጂንጀር» የሚለው ምዕራፍ ይጀምራል። የብላክ ቢዩቲ የወጣትነት ጓደኛ የነበረችው ጂንጀር ከኪራይ ሰረገላ ሥር ከስታ፣ አጥንቷ ወጥቶ ይገናኙና መሞትን እንደምትመኝ ትነግረዋለች። ብዙም ሳይቆይ የሞተ ፈረስ በጋሪ ተጭኖ ሲያልፍ ያያል፤ እሷ ሳትሆን አትቀርም ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ መከራዋ አብቅቷልና።

የሁለቱ ምዕራፎች ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። አንባቢ ስለ ጂንጀር ሊያለቅስ ከመቀመጡ በፊት ነጂው ሞቷል። ጂንጀርን የገረፋት ሰው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ነገር ግን ሳምን አውቀነዋል። ስለዚህ በገራፊው ላይ ልንወረውረው የያዝነው ድንጋይ በእጃችን ላይ ይከብዳል። ድንጋዩን ለማን? ለነጂው ነው፣ ለአከራዩ ነው፣ በርካሽ ፈጥኖ መድረስ ለሚፈልገው ተሳፋሪ ነው፣ ወይስ ሕግ አውጥቶ የኪራዩን መጠን ዝም ላለው መንግሥት? መጽሐፉ መልስ አይሰጥም። ተራኪው ፈረስ ነውና።

ሦስተኛው አጭር ነው። ብላክ ቢዩቲ በእርጅናው ለእህል ነጋዴ ተሸጦ ጭነት ይጎትታል። ጄክስ የሚባለው ነጂ ጭነቱ በዛ እያለ ይናገራል፤ አሠሪው ግን ይጨምርበታል። አንዲት ሴት ዳገት ላይ ታገኛቸውና የፈረሱን ራስ ወደ ላይ ስቦ የያዘውን ጠፍር ቢፈታለት በሙሉ ኃይሉ ሊጎትት እንደሚችል ለጄክስ ታስረዳዋለች። አትቆጣውም፤ ሞክረህ እየው ትለዋለች። ይሞክራል፤ ጋሪው ይነቃነቃል። ከዚያ ወዲህ ጄክስ ዳገት በመጣ ቁጥር ጠፍሩን ያላላል። ፈረሱ ይህን ለጄክስ ይመሰክርለትና የጭነቱ ክብደት ግን እንዳልቀነሰ ይጨምራል። ማሳመን ጠፍሩን አላላ፤ ጠፍሩ በነጂው እጅ ነበርና። ጭነቱ በነጂው እጅ አልነበረም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ መጽሐፉ የትምህርት ቤት መሣሪያ የሆነው እዚያ ነውና። በፌብሩዋሪ 1868 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ሁለት ፈረሶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰው እየጎተቱ 40 ማይል በሚሆን መጥፎ መንገድ እንዲሽቀዳደሙ ተደርገው ሁለቱም ሞቱ። ጆርጅ አንጄል የተባለ የቦስተን ጠበቃ ይህን አንብቦ ለአንድ የከተማው ጋዜጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ እንዲህ ያለውን ጭካኔ ለመከላከል ማኅበር እንዲቋቋም የሚፈልግ ካለ እኔ ጊዜዬንም ገንዘቤንም እሰጣለሁ አለ። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ተቋቋመ። በጁን ወር የወጣው የማኅበሩ መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም 200,000 ቅጂ ታተመ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ መነሻ አንድ አመዛዛኝ ድርሰት ነበር ማለት ነው። አንጄል ሕግ ያጠና ሰው ነው፤ ደብዳቤው ያየለት ከኀዘኑ ይልቅ በግልጽ ባቀረበው ሐሳብ ይመስለኛል።

አንጄል ቀስ በቀስ ዓይኑን ከፍርድ ቤት ወደ ትምህርት ቤት አዞረ። በ1882 «የምሕረት ማኅበራት» የሚባሉትን የልጆች ክበቦች ከአንድ እንግሊዛዊ ቄስ ጋር በቦስተን መሠረተ፤ ሐሳቡ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው። አባል የሚሆን ልጅ ለማይጎዱ ፍጥረታት ሁሉ ደግ ለመሆን ቃል ይገባል። በ1889 የርኅራኄ ትምህርት ማኅበር አቋቋመ። በ1890 መጀመሪያ ላይ አንድ ወዳጅ የላከችለትን «ብላክ ቢዩቲ» አነበበና ያንኑ ዓመት አሳተመው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ለውጭ አገር ደራስያን መብት ጥበቃ ስለማያደርግ (ሕጉ የተሻሻለው በ1891 ነው) ጃሮልድ ምንም አላገኙም። አንጄል በርእሱ ላይ የፈረስ «አጎቴ ቶም ጎጆ» የሚል ጨመረበት። የሃርየት ቢቸር ስቶው ልብ ወለድ በ1852 ባርነትን በመቃወም ወጥቶ አሜሪካን ያነቃነቀ ስለ ሆነ ይህም እንዲሁ ያነቃንቃል ማለቱ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመጽሐፉ ቅጂ በአሜሪካ እስከ ሚሊዮን መድረሱ ይነገር ነበር። ለጋሪ ነጂዎች፣ ለጋጣ ሠራተኞችና ለተማሪዎች ታደለ።

በዚህ ጊዜ የድርሰት ውድድር የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር። በለንደን የእንስሳት ጭካኔ መከላከያው ንጉሣዊ ማኅበር (የተመሠረተው በ1824 ነው) ለትምህርት ቤት ልጆች ስለ እንስሳት ደግነት ድርሰት እያስጻፈ በየዓመቱ ይሸልም ነበር። አንጄልም እንዲሁ ለተማሪዎች ድርሰት ሽልማት ያቀርብ ነበር። የርኅራኄ ትምህርት ማኅበሩ ባወጣው የልብ ወለድ ውድድር ያሸነፈችው ካናዳዊቷ ማርሻል ሳውንደርስም «ውቡ ጆ» በሚለው የውሻ የሕይወት ታሪኳ ስመ ጥር ሆነች፤ ፈረሱ ውሻን ወለደ እንበል። በ1909 የኢሊኖይ ክፍለ ሀገር በትምህርት ቤቶች ውስጥ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ትምህርት እንዲሰጥ በሕግ ደነገገ።

እነዚህ ሰዎች ያደረጉትን ማቃለል አልፈልግም። በዚያ ዘመን የከተማ ሕይወት በሙሉ በፈረስ ጫንቃ ላይ ነበር፤ ሥራቸው ብዙ ስቃይ አስቀርቷል። ነገር ግን ለድርሰቱ የሚሰጠው ሽልማት ድርሰቱን አስቀድሞ ጽፎታል። ስለ ደግነት የተዘጋጀ ውድድር የሚጠብቀው አቋም አንድ ነው። ልጁ የሚመርጠው ቃላቱን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ቃለ መሐላ ፈጽሞ ወደ ክፍል የገባ ልጅ ከመሐላው ውጪ ምን ሊጽፍ ይችላል? ከዚህም ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች በእነዚህ ማኅበራት ላይ ከሚያቀርቡት ነቀፌታ አንዱ ፍርድ ቤት የሚቀርቡት በአብዛኛው ድኾች ነጂዎች መሆናቸው ነው። አለንጋው በአደባባይ ይታያል፤ 18 ሽልንጉ አይታይም። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሉ የለ? የሽልማት ድርሰቶቹ ዳውላውን ሲደበድቡ ኖረዋል። በእጄ ከገቡት ለልጆች ያጠሩ እትሞች መካከል ጂንጀር በሁሉም ትሞታለች፤ ሳም ግን ወይ የለም፣ ወይ ተናግሮ ሳይጨርስ ገጹ ያልቃል።

ስዌል የጻፈችው መጽሐፍ ግን ሳም ያለበት ነው። በማስተምረው የድርሰት አጻጻፍ ትምህርት ሁለቱን ምዕራፎች ራሴ ወደ አማርኛ መልሼ ለተማሪዎቼ በቃል አነብላቸዋለሁ። መጀመሪያ 40ኛውን ብቻ አነባለሁ። በዚያው ሰዓት ለጂንጀር ሞት ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ። የሚመጣው ጽሑፍ ስሜቱ የጋለ ነው፤ ነጂው አረመኔ ነው፣ የሰው ልጅ ጨካኝ ነው የሚል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ 39ኛውን አነባለሁ፤ ምንም ሳልናገር የጻፉትን እመልስላቸዋለሁ። ሁለተኛው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ፍርዳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት በመጀመሪያው አንቀጽ የኮነናችሁትን ሰው ሆናችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፤ በምዕራፎቹ ውስጥ የሌለ መረጃ አታምጡ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ያደገው ጋሪ በሚበዛበት ከተማ ነው፤ አባቱ ባለጋሪ ነበር። ጋሪውም ፈረሱም የሌላ ሰው ናቸው። የጻፈው ገጽ ከሳም ንግግር ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይመጣጠናል። ለባለንብረቱ የሚገባው የቀን ገቢ በክረምትም አይቀንስም፤ ሰው በዝናብ ምክንያት ከቤቱ ባይወጣም ገቢው ይጠየቃል። ፉርሽካ ሲወደድ የሚቀነሰው ከፈረሱ ነው። ጠዋት አባቱ ፈረሱን በስሙ እየጠራ ይነዳዋል፤ አለንጋው የሚበዛው ከሰዓት በኋላ፣ ገቢው ሳይሞላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። «ከሰዓት በኋላ» የምትለዋን ቃል ያገኛት እሱ ነው፤ ከመምህርም ከመጽሐፍም አልተማራትም።

አንዲት ተማሪ ይህን ሰምታ አልተስማማችም። አለንጋ የሚያነሣው ድህነት ሳይሆን ክንድ ነው ስትል ጻፈች። ማስረጃዋ ጄሪ ባርከር ነበር፤ እሱም ድኻ ነው፣ እሱም ልጆች አሉት፣ ግን አይገርፍም። የባለጋሪው ልጅ መለሰላት፤ ጄሪ ፈረሱም ሰረገላውም የራሱ ነው፣ ልዩነቱ ያለው ልቡ ላይ ብቻ አይደለም አለ። እሷም ተመልሳ፣ ጄሪ ባለንብረት ከመሆኑ በፊትም ጄሪ እንዳልነበረ በምን ታውቃለህ አለችው። እዚህ ላይ መጽሐፉ መረጃ አይሰጥም፤ ሁለቱም መጽሐፉን ይዘው ፈለጉ፣ አጡ። የሁለቱን የመጨረሻ ጽሑፎች አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳቸው ሌላቸውን አልረቱም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከመጀመሪያው አንቀጻቸው በጣም የራቁ ሆኑ። የእሷ ድርሰት ለነጂው ኀላፊነት ሲከራከር የሳምን ሒሳብ ከነቁጥሩ አስገብቶ ነው፤ የእሱ ድርሰት ሒሳቡን ሲያቀርብ የፈረሱን የተላጠ ትከሻ ሳይሸፍን ነው።

ፈረስ ለምን? ሰው ስለ ሰው የሚያለቅስበት ልብ ወለድ በአማርኛ ሞልቶ የለም ወይ? ይህን ጥያቄ ባልደረቦቼ ደጋግመው ጠይቀውኛል። መልሴ ከጊዜው ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ተማሪዎች የየራሳቸው ኀዘን ነበራቸው። ስለ ሰው ስቃይ የሚናገር ማንኛውም ምንባብ ሲነበብ ተጎጂው የማን ወገን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ የሚታለፍ መስመር አልነበረም፤ ብዕራቸውም ወዲያው ወደየጎራው ይገባ ነበር። የለንደን ፈረስ የማንም ወገን አይደለም። በዚያ ዓመት «የኮነንከውን ሰው ሆነህ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ስለ ሳም ሲሆን ጻፉት። ስለ ሌላ ነገር ብሎ ለመስጠት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ጊዜውም አይፈቅድም ነበር። ነገር ግን አንድ ተማሪ ስለ ሳም በጻፈው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ ይህን ልምምድ ከፈረስ ውጪ ላለ ጉዳይም አንድ ቀን እንሠራው ይሆን ብሎ በእርሳስ ጽፎ ነበር።

በሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን «ደራሲው ምን ሊያስተምረን ፈለገ?» የምንለው ጥያቄ ከሽልማት ድርሰቱ ጋር ዘመድ ነው። መልሱ አንድ እንደ ሆነና መምህሩ ዘንድ እንደ ተቀመጠ ተማሪው ያውቃል። «አለማወቅ መጥፎ ነው»፣ «ለእንስሳት እንዘን» ብሎ ጭብጥ ከሚለው ርእስ ሥር ያሰፍራል፤ ትክክል ይባላል። ከጭብጡ ይልቅ ክርክሩን ብንፈልግ ግን ተማሪው ከመጽሐፉ ጋር የሚሟገትበት ቦታ ያገኛል። ለምሳሌ ስዌል የድኻ ነጂዎችን ችግር ካሳየች በኋላ መፍትሔውን በአብዛኛው ከደግ ጌቶች ትጠብቃለች፤ ብላክ ቢዩቲ በመጨረሻ የሚድነው ደግ አዛውንት ገበሬና የልጅ ልጁ ገበያ ላይ አይተው ስለገዙት ነው። ለስኪነር ጋጣ ውስጥ ለቀሩት ፈረሶች ማን መጣላቸው? ይህን የጠየቀ ተማሪ ደራሲዋን አላቃለላትም፤ እሷ የጀመረችውን ሙግት ቀጠለ እንጂ።

መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው አንድ ችግር ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ስዌል አጥብቃ የተሟገተችበት፣ የፈረሱን ራስ ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው ጠፍር ስም ነው። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሰረገላ የሚጎትቱ ፈረሶች አንገታቸው ቀጥ ብሎ እንዲያምር በዚህ ጠፍር ይታሰሩ ነበር፤ መተንፈስ ያውካቸዋል፣ ዳገት ላይ ኃይላቸውን ይወስዳል። ደራሲዋ በሞተች ጊዜ አስከሬኗን ለመውሰድ የመጡት ፈረሶች ይኸው ጠፍር እንደ ነበረባቸውና እናቷ አይታ እንዲፈታላቸው እንዳደረገች ይተረካል። በአማርኛ ልጓም፣ ልባብ፣ ዛብ፣ እርካብ አሉን፤ ለዚህ ግን ቃል አላገኘሁም። «መቀነሻ»፣ «አንገት ማቆሚያ»፣ «ማሳበጃ» እያሉ ተማሪዎቼ ብዙ ሐሳብ አቀረቡ። የባለጋሪው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ነገር በጋሪ ፈረስ ላይ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረና፣ ፈረሱ ራሱን ካልጣለ እንዴት ይጎትታል ብሎ ጠየቀ። በትርጉሜ ላይ ለጊዜው «ራስ ማቀኛ ጠፍር» ብዬ ጽፌዋለሁ።